ከበሮው ረጥቦ ነው

(ወይዘሮ አስካለ ጉለሌ፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለሰፈሩ የባህል ኪነት ቡድን ወጣቶች ያጫወቱት። ባለቤታቸው ጋሽ ታምሩ አጠገባቸው ነበሩ። ንግግሩ ሳይታረም እንዳለ ተጽፏል።)

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ሰው ሰውን "ሂድልኝ" ሊል ሲፈልግ "ሂድልኝ" ነበር የሚለው፣ ካባ አያለብሰውም ነበር። ቁጭ በሉ እስቲ። ዳግም አንተ እዚያ በርጩማው ላይ፣ ሰላም አንቺ እዚህ አጠገቤ ነዪ፣ ከፈለጋችሁ በስልካችሁ ቅረጹኝም፣ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም። ታዲያ አሁን የነገራችሁኝን ልድገመውና ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ቡድኑ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፣ እሺ፣ ደስ ይላል። በበዓሉ ላይ "የጉለሌ ዝምታ" የምትሉት ጭፈራ ይቀርባል፣ ይሁን። እና ከዝምታው በኋላ የሚገባውን ከበሮ ስፒከር ይመታዋል፣ ታምሩ ደግሞ ካባ ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። ይኸው ነው አይደል?

ዳግም፦ ክብር ነው እኮ እትዬ። አለቃችን ናቸው፣ ይረፉ ብለን ነው።

ይረፉ! ሰማህ ታምሩ? እረፍ ተብለሃል። ይኼ ሰውዬ ቡድኑ ከተቋቋመ ጀምሮ ከበሮውን ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም፣ መንግሥት ሲለዋወጥ እሱ አልተለወጠም፣ ኃላፊ መጣ ኃላፊ ሄደ፣ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ከበሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አዳራሽ ይገባል። አሁን እናንተ ከበሮውን ከአንገቱ አውርዳችሁ ካባ ልታለብሱት ነው። ተመልከቱት እስቲ፣ ይናገራል? አይናገርም። መሬት መሬት ያያል። እሱ መቼ ተናግሮ ያውቃል፣ ዕድሜ ልኬን እኔ ነኝ የምናገርለት፣ ዛሬም እኔው እናገርለታለሁ። ስለዚህ ስሙኝ፣ ከሰማችሁኝ በኋላ ስፒከራችሁን ታስገቡ እንደሆነ አያለሁ።

መጀመሪያ ይኼን ዝምታ የምትሉትን ነገር እናጥራ። አንተ ዳግም በቀደም ራዲዮ ላይ ቀርበህ ምን አልክ? እኔ ምስር እየለቀምኩ ነው የሰማሁህ። "የጉለሌ ዝምታ የነፍስ ጽሞና ነው፣ ከእንጦጦ አባቶች የተወረሰ ነው" አልክ። አላልክም? ምስሩ ከነሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። ከየት አመጣኸው? የትኛው መነኩሴ ነው ቆሞ እስክስታ የወረደው? ልጄ፣ ጽሞና አይደለም። ከበሮው ረጥቦ ነው። በቃ። ከበሮው ረጥቦ ነው!

አትሳቁ፣ ላጫውታችሁ። ደርግ ከገባ በኋላ ነው፣ ቀበሌው አዳራሽ ሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ዛሬ እናንተ የምትለማመዱበት ያው ራሱ ነው። ታዲያ ጓድ መርዕድ የሚባል ካድሬ ነበር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚጣደፍ፣ ቁጭ ብሎ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል ሰው። እሱ ከቤት ቤት እየዞረ "ወጣት ለኪነት! ወጣት ለኪነት!" ይላል። እኛም ቤት መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። "ልጄ አዝማሪ አትሆንም" አለችው። እሱ ደግሞ፣ ድምፁን ልስራላችሁ፣ አፍንጫውን እንደያዙት ሰው ነው የሚናገረው፣ "እናቴ፣ አዝማሪ አይደለም፣ የባህል ታጋይ ነው የምናደርጋት!" እናቴ፣ "ታጋይ ከሆነችማ ጭራሽ አትወጣም!" ብላ በሩን ድርግም። እና እንዴት ገባሽ በሉኝ። በጓሮ ነዋ! እናቴ የፊት በሩን ስትዘጋ እኔ በጓሮ አጥር ወጥቼ አዳራሹ ጋ እሱን ቀድሜው ደረስኩ።

የቡድኑ ስም ደግሞ! "የጉለሌ ሰፊው ሕዝብ የትግል ችቦ የባህል ኪነት ቡድን"። እግዚኦ! መድረክ መሪው ስማችንን ጠርቶ ሳይጨርስ ተመልካቹ ማጨብጨብ ይጀምርና ይደክመዋል። ሰፈሩ ግን "የአዳራሹ ልጆች" ነበር የሚለን፣ ከየት ነሽ ስባል እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

እና ማን ማን ነበርን? ብዙ ነበርን፣ ሁሉንም አልቆጥርላችሁም፣ ሁለቱን ግን ልንገራችሁ። አንደኛው ሙስጠፋ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክራር የሚመታው። አባቱ እዚህ ታች ሱቅ ነበራቸው፣ ስልጤ ናቸው፣ ልጃቸው ክራር መምታቱን አያውቁም፣ እሱም ክራሩን በባዶ የስኳር ጆንያ ጠቅልሎ "ዕቃ ላደርስ ነው አባ" እያለ ይወጣል። አባቱ "ይኼ ስኳር የሚወስደው ቤት መቼም ስኳር አይጠግብም?" ይሉ ነበር አሉ። ሳቂታ ነበር ሙስጠፋ።

ሁለተኛው ይኼ ነው፣ ይኼ የተቀመጠው። ያኔ ጎሚስታ ነበር፣ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይጠግናል። ጎማ እየደበደበ ነው ከበሮ የለመደው ይላሉ፣ ውሸት ነው፣ እናቱ ናት ያስተማረችው። እናቱ ሠርግ ቤት ከበሮ የምትይዝ ሴት ነበረች፣ እሷ ካልመጣች ሙሽራ አይወጣም የሚባልላት። ከበሮውንም ከእሷ ነው የወረሰው፣ እና ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። ስትሰጠው "እሳት እንዳታሳየው፣ እሳት ቆዳ ይሰነጥቃል፣ ፀሐይ ብቻ" አለችው። ሴትዮዋ የኖረችው ፀሐይ ባለበት አገር ነው! ጉለሌን መቼ አይታ ታውቃለች!

ክረምት ላይ ጉለሌ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር የለብኝም። ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ጓሮህ ድረስ ይገባል፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። የከበሮ ቆዳ ደግሞ እርጥበት ካገኘው ይላላል፣ ሲላላ ድምፁ ይሞታል፣ "ዱም" ማለቱ ቀርቶ "ዱፍ" ይላል፣ ትራስ የመታችሁ ያህል። መድኃኒቱ ምንድን ነው? ማሞቅ። አገር ያውቀዋል፣ ሁሉም ከበሮ መቺ ከሰል ላይ ጠጋ አድርጎ ያሞቀዋል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ አለቀ። ይኼ ግን፣ "አይሆንም።" ለምን? "እሳት ቆዳ ይሰነጥቃል።" ታዲያ ምን እናድርግ? "ፀሐይ እንጠብቅ።" በሐምሌ!

እና ምን ስናደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? ልምምድ አለ ተብለን ተሰብስበን ፀሐይ እንጠብቃለን። እሱ በጣቱ ቆዳውን መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ "አልሞቀም" ይላል። ደግሞ እንቀመጣለን። አንድ ቀን ሙስጠፋ "አስኩ፣ ፀሐይ የምትወጣው በአላህ ትእዛዝ ነው ወይስ በታምሩ?" አለኝ። ሸጎሌ በኩል ብርሃን ከታየ ከበሮውን ተሸክሞ ወደዚያ ይሮጣል፣ እኛም ተከትለነው፣ ቀሚሳችንን በጭቃ እየጎተትን፣ እዚያ የከብት ገበያው አጠገብ ፀሐይ ያረፈችበት ሜዳ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ደመና ሲመጣ ደግሞ ወዲያ ማዶ። ከብት ነጋዴዎቹ "እናንተ ልጆች፣ ይኼን ከበሮ ልትሸጡት ነው ወይስ ልታግጡት?" ይሉን ነበር። ጨጓራዬን ላጠው! "ከሰል ላይ አሙቀው" እለዋለሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ጋሽ ታምሩ፦ ቆዳው ግን እስካሁን አልተሰነጠቀም።

አያችሁት? ይኼን ሁሉ ዝም ብሎ ቆዳው ሲነሳ ብቻ አፉ ይከፈታል!

ታዲያ በአንዱ ክረምት ጓድ መርዕድ ሰበሰበን። ፊቱ አመድ መስሏል። "ጓዶች፣ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው" አለ። "ከየቀበሌው ኪነት እየተመረጠ ነው፣ የተመረጠ ይቀጥላል፣ ያልተመረጠ ይበተናል፣ አዳራሹም የስኳር መጋዘን ይሆናል።" ሙስጠፋ በጆሮዬ "በስኳር ጆንያ ገባሁ፣ ጆንያው ሊያስወጣኝ ነው" አለኝ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ልንገራችሁ፣ ለእኔ ያ አዳራሽ ጨዋታ አልነበረም። ቤት ስሆን ውኃ ቅጂ ነኝ፣ ልብስ እጠቢ ነኝ፣ ማን ያይሻል ነኝ። እዚያ ስገባ ግን አስካለ ነኝ፣ ፊት መሪዋ አስካለ። መጋዘን ከሆነ የት ልሄድ ነው? አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እና ቀኑ ደረሰ፣ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዘነበ። ገምጋሚዎቹ ካፖርት ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አዳራሹ በር ላይ ሻይ የምታፈላ ሴትዮ ነበረች፣ ከሰሏ እንዲህ ቀይ ሆኖ ተያይዟል፣ ማንቆርቆሪያዋ ላዩ ላይ። ታምሩን በክንዱ ይዤ አሳየሁት። "ታምሩ፣ ያውልህ እሳት። ዛሬ ብቻ። በእናትህ።" በእናትህ ስለው ጭራሽ ባሰበት! "በእናቴ ነው እንጂ እምቢ ያልኩት" አለኝ። "በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፣ ይበቃዋል።" ራሴን ይዤ ቀረሁ።

ጀመርን። የኦሮሞው አለፈ፣ የጉራጌው አለፈ፣ ተመልካቹ ሞቅ ብሎታል፣ ከበሮው ግን እየሰነፈ እየሰነፈ ሄደ፣ እኔ ይሰማኛል። የመጨረሻው እስክስታው ነው፣ የእኔ ነው፣ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ገባን። "ዱም፣ ዱም" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ዱፍ" አለ። ደግሞ "ዱፍ"። ከዚያ "ፍ" ብቻ። በዓይኔ ጠርዝ አየሁት፣ ከበሮውን የታመመ ልጅ እንደሚያዩት ያየዋል። እና ምን አደረገ? ቆመ። እስክስታው መሃል ላይ ቆመ! ቆሞም ቢቀር ደህና፣ ከበሮውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ዞሮ ከመድረኩ ወረደና ወጣ። በበሩ! በገምጋሚዎቹ ፊት!

ክራሩ ቆመ፣ ሙስጠፋ አፉን እንደከፈተ ቀረ፣ ማሲንቆውም ቆመ፣ ዘፋኙም ቃሉን ዋጠ። እኔ ትከሻዬ እየሄደ ነው። ላቁመው? ካቆምኩ አለቀ፣ መጋዘን ሆንን። ታዲያ አላቆምኩም። በሆዴ እሰድበዋለሁ። "አንተ ደረቅ!" አንድ ትከሻ። "አንተ ግትር!" ሌላው ትከሻ። "ጎማህን ያፈንዳው! ወፌ ላላ ይግረፉህ!" እያልኩ አንገቴን እሰብቃለሁ። ዳግም፣ ይኸውልህ ጽሞናው! የነፍስ ጽሞና ያልከው ስድብ ነው፣ ከእግር እስከ ራሱ ስድብ!

ሰላም፦ ሌሎቹስ እትዬ? ከኋላ ያሉት?

እኔን አይተው ቀጠሉ፣ ምን ያድርጉ። ታዲያ አዳራሹ ውስጥ ምንም አይሰማም፣ ዝናቡ ጣራውን ይመታል፣ የእኛ ትንፋሽ አለ፣ አንገታችን ላይ ያለው ድሪ ቅጭል ቅጭል ይላል፣ ሌላ ምንም። ተመልካቹ አይስልም፣ አይንቀሳቀስም። እኔ ፊቴ ወደ ሰው ነው፣ ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነው። ይመጣል? አይመጣም? ጥሎን ሄደ? ቤቱ ገባ? እና ያንን ሁሉ ጊዜ እሱ የት ነው? ገምቱ እስቲ። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ጋ! ከሰሉ ላይ! ማንቆርቆሪያዋን ወዲያ ገፍቶ፣ እሳት ቆዳ ይሰነጥቃል ያለው ሰውዬ፣ ከበሮውን እያገላበጠ ያሞቃል! ሴትዮዋ "ሻዬን! ሻዬን ደፋብኝ፣ የሰው ያለህ!" እያለች ነው።

ጋሽ ታምሩ፦ አልደፋሁም። መሬት ነው ያስቀመጥኩላት።

እሺ አልደፋህም! ብቻ ተመለሰ። በሩ ላይ ሆኖ፣ መድረክ እንኳ ሳይወጣ፣ "ዱም!" አደረገው። ልጆቼ፣ ያንን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። እንባዬ መጣ፣ ከንዴት ይሁን ከደስታ አላውቅም፣ ትከሻዬ የእኔ መሆኑ ቀረ፣ ክራሩ ገባ፣ ማሲንቆው ገባ፣ አዳራሹ ብድግ አለ፣ ሰው ወንበር ላይ ቆመ። አንዱ ገምጋሚ፣ መነጽር ያለው፣ ካፖርቱን አውልቆ ያጨበጭባል።

ሲያልቅ ሰውዬው ተነሣና ንግግር አደረገ። "ጓዶች! ዛሬ ያየነው የጭቁኑን ሕዝብ የዘመናት ዝምታ ነው! ከዚያም የአብዮቱን ነጎድጓድ!" አለ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ጓድ መርዕድ ደረቱን ነፍቶ፣ አፍንጫውን እንደያዙት ሆኖ፣ "አዎ ጓድ፣ አስበንበት የሠራነው ነው" አለ። ውሸታም! ከመድረኩ ጀርባ ሆኖ ሲያነባ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እና ተመረጥን፣ አዳራሹም ተረፈልን፣ ስኳሩም ሌላ ቤት ሄደ። ታምሩን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ጊዜ አላናገርኩትም መሰላችሁ። ቆይቶ አገባሁት፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጓድ መርዕድ "ዝምታው የቡድኑ መለያ ነው፣ በየትርኢቱ ይደገም" ብሎ አዘዘ። ታዲያ ታምሩ በየትርኢቱ እስክስታው መሃል ላይ ከበሮውን አቋርጦ መውጣት ግዴታው ሆነ። በጋ ነው፣ ከበሮው እንደ ሰሌዳ ደርቋል፣ እሱ ግን ይወጣል። ወጥቶ ምን ይሠራል? ያችው ሴትዮ ጋ ሻይ ይጠጣል! እና የሚመለሰው ሻዩ ሲያልቅ ነው። ሻዩ ትኩስ ከሆነ እኛ እዚያ ቆመን ትከሻችን ይወልቃል፣ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ሳንጠብቀው ከች ይላል። አንድ ጊዜ ሴትዮዋ ገና አፍልታ ቀድታለት ኖሮ፣ ሙስጠፋ መድረክ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ "ያ ረቢ፣ ዛሬ አብዮቱ ዘገየ" ሲል ሳቄን ይዤ ልፈነዳ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ። አዲሱ ኃላፊ መጣ፣ ጭፈራውን አየና "ይኼ ዝምታ ባለፈው ሥርዓት ድምፃቸው የታፈነ ሕዝቦች ምልክት ነው" አለን። እጄን አወጣሁ፣ "የለም ጌታዬ፣ ከበሮው ረጥቦ ነው" ብል "እትዬ ይቀልዳሉ" ብሎ አለፈኝ። ከዚያ ደግሞ የኤች አይ ቪ ጊዜ መጣ፣ አንዷ ከፕሮጀክት ነኝ ብላ መጣችና "ዝምታውን እንስበር" የሚል ቲሸርት አለበሰችን፣ በቲሸርት እስክስታ! "ከበሮው ረጥቦ ነው" አልኳት፣ "ዋው፣ በጣም ጥልቅ አባባል ነው" አለችኝ። ምን ልበላት? አሁን ደግሞ አንተ መጣህና ጽሞና አደረግኸው። የሚመጣው ሁሉ እዚያች ዝምታ ላይ የራሱን ነገር ይለጥፋል፣ ማንም የተፈጠረውን ነገር አይጠይቀኝም፣ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፣ ፊት ለፊት! ይኼ አያናድድም? እናንተ ፍረዱ።

ዳግም፦ እሺ እትዬ፣ ታሪኩን እናስተካክላለን። ስፒከሩ ግን እኮ ለሥራው ይሻላል። በሰዓቱ ነው የሚገባው፣ አንድ ጊዜም አይሳሳትም።

እሱ ነው እኮ ችግሩ! ሰላም፣ አንቺ ንገሪኝ፣ ዝምታው ላይ ምን እያሰብሽ ነው የምትጨፍሪው?

ሰላም፦ እ... እየቆጠርኩ። ሁላችንም እንቆጥራለን። በአዘቦት ቀን በስፒከሩ ስለምንለማመድ፣ ስንት ላይ እንደሚገባ እናውቀዋለን።

በቃ! እየቆጠራችሁ! ፊታችሁ ላይ ይታያል፣ እኔ ቅዳሜ መጥቼ ሳያችሁ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ነው የምትመስሉት። እኛ አንቆጥርም ነበር፣ መቼ እንደሚመጣ አናውቅማ! በጋም ክረምትም፣ ሻይም ይጠጣ እሳት ይሙቅ፣ እዚያ ቆሜ "ዛሬስ ይመጣል?" ያላልኩበት ቀን የለም። ተመልካቹ ዝም የሚለው ለዚያ ነው፣ ሰው ስትጠብቂ የሚያይሽ ሰው አብሮሽ ይጠብቃል። ስፒከር ይወጣል? ስፒከር ይቀራል? እዚያው ነው ያለው፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ! ከበሮ ሳይኖር፣ ከበሮውን የያዘ ሰው ተነሥቶ ሳይሄድ፣ ዝምታ ከየት ይመጣል? ዝም ብሎ ባዶ ነው።

እና ልጨምርላችሁ፣ እሱ ባለበት መናገር አልወድም፣ ግን ልናገር። ይኼ ሰውዬ ደረቅ ነው፣ ግትር ነው፣ አሳርሮኛል፣ ግን እንደ እሱ ከበሮ የሚመታ ሰው አላየሁም። የሌላው ሰው ከበሮ ይመታል፣ የእሱ ግን ያነጋግርሻል። ጀርባዬን ሰጥቼው እየጨፈርኩ ደክሞኝ እንደሆነ ያውቃል፣ ቀስ ያደርግልኛል። አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ መድረክ ላይ ልወድቅ ስል ምቱን ቀይሮ ጉልበቴ ላይ እንድንበረከክ አደረገኝ፣ ተመልካቹ ጭፈራው ነው የመሰለው። ይኼን ነው በስፒከር ልትለውጡት የመጣችሁት። አፈርኩባችሁ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩባችሁ።

ዳግም፦ እትዬ... እ... ማለቴ... አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡኝም?

ከዚህ በላይ ምን እቆጣለሁ? ተናገር።

ዳግም፦ ይረፉ ያልነው እኛ አይደለንም። ጋሽ ታምሩ ራሳቸው ናቸው "በቃኝ፣ ልተወው ነው" ያሉን። "ለአስካለ ግን እናንተ ንገሩልኝ፣ እኔ አልችልም" ብለውን ነው የመጣነው። ስፒከሩ የእኔ ሐሳብ ነው፣ እሱን አልክድም። ካባውም።

ምን? ምን አልክ? ታምሩ!

ጋሽ ታምሩ፦ እ።

እ ምንድን ነው? ይኼ ልጅ የሚለው እውነት ነው?

ጋሽ ታምሩ፦ ትከሻዬ አልቻለም አስኩ። ከአምና ክረምት ወዲህ ቀኝ እጄ ከዚህ በላይ አይወጣም። ይኸው። መትቼ የገባሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ይጠዘጥዘኛል።

ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም? ሚስትህ አይደለሁም? እዚህ አንድ አልጋ ላይ አይደል የምንተኛው?

ጋሽ ታምሩ፦ ቅዳሜ ሲመጣ ሸሚዜን ተኩሰሽ፣ ከበሮውን ወልውለሽ፣ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ፊትሽ ይበራል። ምን ብዬ ልቅር?

እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው! ወይኔ አምላኬ! ጉልበቴን እየቆረጠመኝ፣ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ እየገባ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ሸሚዝ የምተኩሰው፣ ቤት ከዋለ ይሞትብኛል፣ ከበሮውን ካጣ ምን ይቀረዋል ብዬ ነው እኮ! ለራሴማ ቢሆን ቅዳሜን ተኝቼ ባረፍድ ምን ነበረበት! እና ይኼን ሁሉ ሰዓት በእነዚህ ልጆች ላይ ስጮህ፣ አፈርኩባችሁ እስክል ድረስ ስናገር፣ አንተ ዝም ብለህ ትሰማለህ?

ጋሽ ታምሩ፦ እንደዚህ ስታሞግሺኝ ሰምቼ አላውቅም። ላቋርጥሽ አልፈለግኩም።

(ሁሉም ሳቁ።)

ሳቁ፣ ሳቁ፣ እናንተ ምን አለባችሁ። ስፒከሩ ግን አይገባም፣ ያንን አትርሱ። ሰላም፣ የእሱ እናት ሴት አይደለችም እንዴ፣ አንቺ ምን ያንስሻል? ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ እዚህ ነዪ፣ ይኼ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ያሳይሻል፣ እጁ ባይነሣ አፉ አለ፣ ካወጣው። በበዓሉ ቀን ከበሮውን ይዘሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ፣ መቼ እንደምትመለሺ ግን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለዳግምም ቢሆን፣ ሻይሽን ጠጥተሽ ስትጨርሺ ግቢ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ፣ ልጆች። ደክሞኛል የምትል አንዲት ቃል ለመናገር ይኼን ሁሉ ሰው ቤቴ ድረስ መላክ ነበረበት?

ሰላም፦ እርስዎስ እትዬ? ለእሳቸው ደክሞኛል ብለው ያውቃሉ?

እኔ? እኔማ... ዕድሜ ልኬን ስጮህበት የኖርኩት ምን ይመስልሻል፣ ልጄ? ደክሞኛል ማለቴ እኮ ነው!

ጋሽ ታምሩ፦ እኔ ደግሞ ቁጣ መስሎኝ።